ሦስት ደጅ የሚገባ ልብስ

አንባቢ ሆይ፣ በለበስኸው ልብስ ምክንያት ሰው ቤት ስትገባ ወሬው ጸጥ ብሎብህ ያውቃል? ማንም አልሰደበህም፣ ማንም ውጣ አላለህም። የተቀመጡት ሁሉ ግን ፊትህን ትተው ትከሻህን ያያሉ፣ ቀጥለውም እግርህን ያያሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። እኔን ይህ ደርሶብኛል። የደረሰብኝ መተማ ነው፤ ከዚያ ጸጥታ ያወጡኝ ሰው ደግሞ አያ ጀንበሩ ይባሉ ነበር።

«ነበር» ማለት የጀመርሁት ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው። ካሴ የሚባል ወዳጄ ገበሬ ከገለጉ የቀናት መንገድ በእግሩ መጥቶ ከማስተምርበት ቤት ደጅ ቆመ። ኩታውን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አዙሮ ለብሷል። ይህን አለባበስ ለማያውቅ ላስረዳ፤ በእኛ አገር ኩታ እንዲህ የሚለበሰው ለሀዘን ነው። ስለዚህ ካሴ አፉን ሳይከፍት ሰው መሞቱን አወቅሁ። ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ፈራሁ።

«አያ ጀንበሩ ናቸው» አለኝ እሱው።

ልጆቹን አሰናብቼ ከእሱ ጋራ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የነገረኝን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ሰውየውን ላስተዋውቅ።

እኔ ወደ መተማ የወረድሁት ጣልያን ጎንደርን ከያዘ በኋላ ነው። የነበርሁበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሥራ ፈትቼ ሳለሁ፣ የመተማ ሰዎች ለልጆቻቸው ንባብና ሒሳብ የሚያስተምር ይፈልጋሉ ሲሉኝ ከነጋዴዎች ጋራ ተደባልቄ መጣሁ። ትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበረ። ጥላው በዞረ ቁጥር እኛም አብረነው እንዞራለን። ደመወዜ ወላጆች የሚሰጡኝ ማሽላና የማድርባት ጎጆ ናት። ተማሪ ከቀረ ማሽላውም ጎጆዋም ይቀራሉ፤ ጎንደር ብመለስም የሚጠብቀኝ ሥራ አልነበረም። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለእኔ ማመናቸው የኑሮዬ ምሰሶ ነበር ማለት ነው።

ጎጆዬ ከአያ ጀንበሩ ግቢ ጋራ በአጥር ትዋሰናለች። አያ ጀንበሩ ረጅምና ቀጭን፣ ቆላ ያደረቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደጋ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ደጋ በቅሎ ሲነግዱ ኖረው በጦርነቱ ጊዜ በቅሎዎቻቸው አለቁ። ከንግዱ የቀራቸው ዐመል ብቻ ነበር፤ እሱም ጨርቅን እንደ በቅሎ መርምሮ መግዛት። በመጀመሪያ በሁለት ጣት ያሹታል። ቀጥለው ወደ ፀሐይ ያነሡትና ብርሃን እንዴት እንደሚያልፍበት ያያሉ። ስፌት ካለው ስፌቱን ይጎትታሉ። በመጨረሻ ያሸቱታል።

ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ የልብ ወዳጃቸው ስለነበሩ ይህን ሲያዩ አይታገሡም።

«አያ ጀንበሩ፣ ጨርቁ አይናከስም እኮ። ምን ጥርሱን ያያሉ?»

«መናከሱን አልፈራሁም ሐጂ። መንገድ ላይ እንዳይወድቅብኝ ዕድሜውን ልወቅ ብዬ ነው።»

«ወላሂ፣ ከዚህ ሱቅ የወጣ ጨርቅ ወድቆ አያውቅም።»

«አዎ፣ እዚሁ ተኝቶ እያረጀ እንዴት ይወድቃል?»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። አያ ጀንበሩ አብዛኛውን ጊዜ ሳይገዙ ይመለሳሉ። ሐጂም አብዛኛውን ጊዜ ሻይ አጠጥተው ይሸኟቸዋል።

እኔ በዚያ ወራት አንድ ሐሳብ ገብቶብኝ ነበር። ጎንደር ሳለሁ ጸሐፊዎችና የቢሮ ሰዎች የሱፍ ኮት ለብሰው አይ ነበርና፣ አስተማሪም እንደዚያ መልበስ አለበት ብዬ አመንሁ። እዚሁ መተማ ከነበረ የጣልያን ሱቅ አንድ ያገለገለ ጥቁር የሱፍ ኮት ገዛሁ። የነሐስ ቁልፎቹ ያንጸባርቃሉ። አብሬም ባርኔጣ ገዛሁ። በመተማ ሙቀት ሱፍ የሚለብስ ሰው ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ ብቻ ከቤቴ እስከ ሮቃው ዛፍ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ይጣበቅ ነበር።

አያ ጀንበሩ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሳልፈው አዩኝ።

«ምነው የኔታ፣ ብርድ ብርድ አለህ እንዴ?»

ዕድሜዬ ለዚህ ማዕረግ ባይደርስም ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ «የኔታ» ነበር የሚሉኝ፤ ግማሹ ክብር ግማሹ ቀልድ ነው።

«የለም አያ፣ አስተማሪ አስተማሪ መምሰል አለበት ብዬ ነው።»

«እሺ ይሁን። የት የት ትለብሰዋለህ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ሌላስ?»

አሰብሁና «ገበያ» አልሁ።

«ለቅሶ ቤትስ?»

«ማን ሞተና?»

«ሰውማ የሚሞተው አንተ ኮት ከገዛህ በኋላ ነው» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ኋላ ብዙ ጊዜ የሰማኋትን ቃል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሯት። «ስማ፤ ሦስት ደጅ የማይገባ ልብስ ቤትህ አይግባ። የሥራ ደጅ፣ የእግዜር ደጅ፣ የለቅሶ ደጅ። አንዱን ብቻ የሚገባ ልብስ እንግዳ ነው፤ አብልተኸው አጠጥተኸው አይሠራልህም።»

ሽማግሌ ስለሆኑ ዘመናዊ ልብስ አይወዱም ብዬ አለፍሁት።

ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ ከበደና የቆላው ወባ ተነሣ። የካሴ ታናሽ ወንድም በዚያው ትኩሳት ሞተ። የካሴ ሁለት ልጆች ተማሪዎቼ ስለሆኑ ሄጄ ማዘን ግዴታዬ ነው። ኩታ ግን ያለችኝ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ታጥባ በዝናቡ ምክንያት አልደረቀችም። ለሁለተኛ ኩታ የሚሆነኝን ገንዘብ ኮቱ በልቶታል። ስለዚህ ከነኮቴ ሄድሁ። ባርኔጣዬን በእጄ ይዣለሁ፤ ለአክብሮት ይበቃል መስሎኝ።

ዳሱ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ጣልያንን ሊወጋ ጫካ ስለገባ አንድ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገሩ ነበር። እኔን ሲያዩ ቃሉ ከመካከል ተቆረጠ። ያኔ ነው ትከሻዬን ያዩት፣ እግሬንም ያዩት። የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ የማያውቁኝ ሆኑ። ከጥግ አንዱ «ቱርጁማኑ ማንን ሊጠይቅ መጣ?» አለ። ቱርጁማን የሚሉት ለጣልያን የሚያስተረጉመውን ነው፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የሚከፋ ስም አልነበረም። ሌላውም «ሬሳ ሊቆጥር ይሆናላ» አለ።

ካሴ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ።

መቆምም መውጣትም አቃተኝ። በዚህ ጊዜ አያ ጀንበሩ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሳይቸኩሉ ወደ እኔ መጡና የለበሷትን ጋቢ አንድ ጫፍ ከትከሻቸው አውርደው በእኔ ትከሻ ላይ ጣሉት። ኮቱ ከነቁልፎቹ ተሸፈነ። ከዚያ ለተቀመጡት እንዲህ አሉ፦

«የእኔ ጎረቤት ነው። ኩታው ዝናብ ላይ ቀርታ የሰው ልብስ ለብሶ መጣ። ወቀሳውን በኋላ ከእሱ ጋራ እጨርሳለሁ፤ አሁን ያልቅስበት።»

በአንድ ጋቢ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኒያ ሰው የነበራቸውን ክብር ከጋቢው ጋራ ግማሹን ለእኔ እንዳካፈሉኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። ያልታመነን ሰው ማልበስ ማለት «ያጠፋ እንደሆነ እኔን ያዙኝ» ማለት ነው። እሳቸው ግን ዋስ እንደሆነ ሰው አልተኮፈሱም። ጥቂት ቆይተው በጆሮዬ «ላብህ እኔንም አራሰኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዘመዶች ነን» አሉኝ።

ሆኖም ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ከሮቃው ዛፍ ሥር የሐጂ ኢድሪስ ልጆች ብቻ ተገኙ። የካሴ ልጆች ቀሩ፤ እነሱን አይተው የሌሎቹም ገበሬዎች ልጆች ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርሁ። አያ ጀንበሩ ገብተው ዙሪያውን አዩ።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«ልጆቹ አልመጡም። ቤት ለቤት ዞሬ አስረድቼ ካልሆነ ወደ ጎንደር ልመለስ ነው።»

«ምን ብለህ ታስረዳለህ?»

«የማንም ሰላይ አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ እላለኋ።»

«ቱርጁማንም የሚለው እንዲሁ ነው» አሉኝ። «በአፍህ አትሂድ። የካሴ ማሽላ አረም ውጦታል፤ ወንድሙ ነበር የሚያርምለት። ዐርብ መንደሩ ሁሉ ሊያርምለት ይወጣል። አንተም ውጣ። በምን ልብስ እንደምትወጣ ደግሞ አሁን እናያለን። አምጣው ያን ኮት።»

ወደ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሄድን። በረንዳው ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበረ። አያ ጀንበሩ ኮቱን አሹት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ ስፌቱን ጎተቱ፣ አሸተቱትም። «ጨርቁ ጨዋ ነው» አሉ። «ጥፋቱ የእጅጌውና የቁልፉ ነው። ሰደርያ ይሁን።»

ሐጂ ሳቁ። «ኮት ሆኖ የገባው ሰደርያ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሱቅ ሐኪም ቤት ሆነ እኮ።»

እጅጌው ተቆርጦ ኮቱ ሰደርያ ሆነ። በነሐሱ ቁልፍ ፈንታ ከእንጨት የተሠራ ተተከለበት። ለቀሪው ደግሞ ዳሙር ከሚሉት ከሱዳን የጥጥ ጨርቅ፣ ብብቱ ሰፊ የሆነ እጀ ጠባብና ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለ ሱሪ አሰፉልኝ። ለምን ከፍ ይላል ብል «ዋልካው እንዲያዝንልህ» አሉኝ። የመተማ ጥቁር አፈር በክረምት እግር ይይዛል፤ ሱሪህ ረጅም ከሆነ አፈሩን ሁሉ ይዘኸው ትዞራለህ።

ዐርብ ከመንደሩ ጋራ ወጣሁ። አረም አላውቅም ነበር፤ ማሽላውንም አብሬ ነቀልሁ። ከጎኔ የነበሩት «የኔታ ፊደሉን ሁሉ ፋቀው» እያሉ ሲሥቁብኝ ዋሉ። ያ ሣቅ ከዳሱ ሥር ጸጥታ ምን ያህል እንደሚለይ መናገር አልችልም። ኩታዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጀርባዬ በጭቃ ተመርጎ ሳለሁ ካሴ ውሃ በቅል ይዞልኝ መጣ። ቁልቁል አየኝ።

«ያን ቀን ለቅሶ የመጣው ሌላ ሰው ነበር ልበል?» አለኝ።

አያ ጀንበሩ ከወዲያ ማዶ «ወንድሙ ነው። ሙቀቱ አልተስማማውምና ወደ ደጋ ተመልሷል» አሉ።

ካሴ ሣቀ። ወንድሙ ከሞተ ወዲያ ሲሥቅ ያየሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ጧት ከሮቃው ሥር ስደርስ ሁለቱ ልጆቹ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌሎቹም ተከትለው መጡ። የነሐስ ቁልፎቹን አያ ጀንበሩ በጨርቅ ቋጥረው ሰጥተውኝ ነበርና ያን ቀን መደመርና መቀነስ በእነሱ አስተማርሁ። እስከ ዛሬም አስተምርባቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ልብስ ያወቅሁትን ሁሉ ከእሳቸው ነው ያገኘሁት። ልብስ ሲገዛ በመጀመሪያ የዘወትሩ ይቀድማል፤ እሱም ጥንድ ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል፤ ሳይደርቅ የለበሱት ልብስ ለሰውም ለጨርቁም በሽታ ነው። ቀጥሎ የክት አንድ ይበቃል። የክት የሌለው ሰው ደስታም ሀዘንም ድንገት ሲመጣ ያሳፍረዋል፤ የክት ያበዛ ደግሞ ብል ይቀልባል። በእንዶድ ያጠቡትን ጥላ ላይ ማስጣት እንጂ ለቆላ ፀሐይ መስጠት አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን የገረመኝ የኩታ ነገር ነው። ያችው አንዲት ኩታ ለሥራ ወገብ ላይ ትታሰራለች፣ ለቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ትጣፋለች፣ ለሀዘን ትዘቀዘቃለች። «አለባበስ የሚያውቅ ሰው ልብስ አያጣም» ይሉኝ ነበር። ቀለም እንዲስማማም ያዩ ነበር፤ ሰደርያዬን ከዳሙሩ ነጭ ጋራ ካልሆነ አያስለብሱኝም። ሽማግሌ ስለሆኑ ማማር አይወዱም ብዬ የነበረው ስሕተት ነበር። ማማርን ይወዳሉ፤ የማይወዱት ለመታየት ብቻ የተገዛውን ነው።

አንድ ቀን ሣጥናቸውን ሲያናፍሱ ከታች ከትምባሆ ቅጠል ጋራ የተጣጠፈ አዲስ ነጭ አቡጀዲ አየሁ። «ይህን ለምን አያሰፉትም?» አልኋቸው።

«ተሰፍቶ አይለበስም። መገነዣዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያነሡ ድምፃቸው አይለወጥም። እኔ ግን እንደ አስተማሪ ስሕተት ያገኘሁ መሰለኝና «እንግዲያው ይህ ጨርቅ ሕግዎን አፈረሰ፤ አንድ ደጅ ብቻ ነው የሚገባው» አልኋቸው።

«እውነትህን ነው። ለዚህ አንዱ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉና ሣጥኑን ዘጉ።

ኋላ ከሱዳን በኩል ጣልያንን የሚወጋ ጦር መጥቶ በድንበሩ ላይ ጦርነት ተነሣና መተማ በመድፍ መካከል ቀረች። ሰው ሁሉ ሸሸ። እኛ ወደ ገለጉ አቅጣጫ በእግር ሄድን፤ አያ ጀንበሩ፣ የካሴ ቤተሰብ፣ ሐጂ ኢድሪስ ከነልጆቻቸውና እኔ። አያ ጀንበሩ ከሣጥናቸው የያዙት ጥቂት ነበር፤ የለበሷት ጋቢና ያ አቡጀዲ። በቀትር ስናርፍ አቡጀዲውን ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ወጥረው ለልጆቹ ጥላ አደረጉት። ጥቂት ቀን እንደተጓዝን ሐጂ ኢድሪስን ትኩሳቱ ጣላቸው። በቃሬዛ ስንሸከማቸው አቡጀዲው ከላያቸው ተዘርግቶ ፀሐዩን ይከላከልላቸው ነበር። ሐጂ ዓይናቸውን ሲከፍቱ ጨርቁን አዩት፣ በሁለት ጣታቸውም አሹት።

«ይህ ከእኔ ሱቅ ነው» አሉ።

«አዎ ሐጂ» አሉ አያ ጀንበሩ። «እስካሁን አልወደቀም።»

ሐጂ ያረፉት አንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ነው። ልጃቸው በሃይማኖታቸው ሥርዐት አባቱን የሚከፍንበት ነጭ ጨርቅ ፈልጎ ዙሪያውን አየ፤ ሁላችንም የለበስነው አቧራና ጭቃ ነው። አያ ጀንበሩ አቡጀዲውን አራግፈው አጣጥፈው ለልጁ ዘረጉለት። ልጁ የጨርቁን ነገር ያውቅ ነበርና እጁን ሰበሰበ።

«አያ፣ ይህ የአንቱ አይደለም ወይ? ለአንቱስ?»

«ደጁ አንድ ነው ልጄ» አሉት። «ቀድሞ የደረሰ ይለብሰዋል።»

ቀብረን ስንነሣ አጠገባቸው ሄጄ «አያ፣ ጨርቁ ሦስት ደጅ ገባ» አልኋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ቢሆንም ፈገግ አሉ። «እንግዲያ ሳላውቀው ደኅና ጨርቅ ገዝቻለሁ» አሉኝ።

ጣልያን ሲወጣ እኔ ትምህርቱን ልቀጥል ወደ መተማ ተመለስሁ። እሳቸው ጉልበታቸው ስለደከመ ገለጉ ከካሴ ቤት ቀሩ። የበጋው ሙቀት ሲበርድ ሄጄ ላመጣቸው አስቤ ነበር።

አሁን ወደ ካሴ ልመለስ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን አሟሟታቸውን ነገረኝ። ብዙ ሳይታመሙ፣ ከልጆቹ ጋራ ሲጫወቱ አምሽተው ተኝተው ቀሩ። እኔ ግን በልቤ የሚመላለሰው ሌላ ነገር ነበር። አቡጀዲው ወንዝ ዳር ቀርቷል፤ ከጦርነቱ ወዲህም ገለጉ ድረስ ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴ አልነበረም።

«በምን ገነዛችኋቸው?» አልሁት።

ካሴ መሬት መሬት እያየ፣ እንዳፈረ ሆኖ መለሰልኝ። «በጋቢያቸው። ሌላ አላገኘንም፤ አጥበን በጋቢያቸው ገነዝናቸው።»

ማፈር እንደሌለበት ነገርሁት። ያቺን ጋቢ አውቃታለሁ። አንድ ቀን ግማሿ የእኔ ነበረች።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ዛሬ ሣጥንህን ክፈትና ልብስህን አንድ በአንድ አውጣ። እያንዳንዱን በሁለት ጣትህ አሸው፣ ወደ ብርሃንም አንሣው፤ ከዚያ ስንት ደጅ እንደሚገባ ጠይቀው። አዲስ የምትገዛም ከሆነ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ጠይቀው። ምናልባት ሣጥንህ ውስጥ አንድ ሰፋ ያለ ጋቢ ታገኝ ይሆናል። እሱን ስትለብስና ሰው መካከል ስትቀመጥ በር በሩን እይ፤ የሚገባበት ልብስ ያጣ ሰው ቆሞ ይሆናልና፣ ተነሣና አንዱን ጫፍ በትከሻው ላይ ጣልለት።